ምስር ያህል ቆዳ

በዚያ ዘመን ዕድሜውን በአፉ የሚናገር ሰው አልነበረም። «ስንት ዓመትህ ነው?» ብሎ መጠየቅ የድሮ ሰው ወግ ሆኖ ቀርቶ፣ ሰው የሚጠያየቀው «ስንት ተነበብክ?» እያለ ነበር። ምክንያቱ ማንንም አያስደንቅም። ይህች አገር ለብዙ ትውልድ ሁለት ዕድሜ ይዛ ኖራለች፤ አንዱ የእናት ዕድሜ፣ ሌላው የወረቀት ዕድሜ። ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ይጨመርለታል፣ ኳስ ቡድን ሲገባ ይቀነስለታል፣ ጡረታው ሲቃረብ ደግሞ ፋይሉ ይጠፋል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ቢባልም፣ የኛ ወረቀት የያዘውን ሲለቅ የኖረ ነው። ስለዚህ መንግሥት በመጨረሻ ወረቀቱንም እናቱንም ትቶ ቆዳን መጠየቅ ጀመረ።

አጠያየቁ ቀላል ነበር። ሥራ የያዘ ሰው ሁሉ በየአምስት ዓመቱ ግራ ክንዱን ይዘረጋል፤ መርፌዋ ምስር የምታህል ቆዳ ቀንጥባ ትወስዳለች። ሕዝቡም ነገሩን «ምስር መስጠት» ብሎ ጠራው። በምስር ቀን ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ድፎ ዳቦ ይቆረሳል፣ ሽማግሌ ተነሥቶ «ከወሰኑ በታች ያውልህ» ብሎ ይመርቃል። ወሰኑ ስልሳ አምስት ነው። ከዚያ በላይ የተነበበ ሰው ግራጫ ካርድ ይደርሰዋል፤ ላዩ ላይ «የአክብሮት ካርድ» ይላል። ካርዱን የያዘ ሰው አውቶቡስ ላይ አይቆምም፣ ቀበሌ ሲሄድ አይሰለፍም፣ ለዓመት በዓል ጋቢ ይላክለታል። ሆስፒታል ግን ቢላ አያነሣለትም። ኩላሊቱ አይታጠብለትም፣ ልቡ አይጠገንለትም፤ በምትኩ የሕመም ማስታገሻ ፕላስተር በየወሩ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። «አዛውንትን በቢላ ማንገላታት ነውር ነው» የሚል ጽሑፍ በየጤና ጣቢያው በር ላይ ተሰቅሏል። መጀመሪያ ሰሞን ሰው አጉረመረመ፤ በኋላ ለመደው። እኛ ያልለመድነው ነገር መቼ ኖሮ ያውቃል!

ወይዘሮ ሀሴት በላቸው ደብረ ብርሃን ባለው የዕድሜ ንባብ ተቋም የመቁረጫ ክፍሉ ኃላፊ ነበረች። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አላገባችም፤ ከሥራዋና ከአንድ ወንድሟ በቀር የምታስበው ነገር የላትም። እሷ ክፍል የሚደረገው ይህ ነው። ከምስሯ ፕሮቲን ይወጣል፣ ጣት በምታህል ብልቃጥ ውስጥ ይገባል፣ ሳያኖጅን ብሮማይድ በአሲድ ሟሙቶ ይጨመርበትና ጨለማ ውስጥ ያድራል። ሠራተኞቹ ስሙን አይጠሩትም፤ «መቀሱ» ነው የሚሉት። ነጭ ነው፣ ጨው ይመስላል፣ ትነቱ ሰው ይገድላል። መቀሱ ታዲያ ያገኘውን ሁሉ አይቆርጥም። ፕሮቲን ረጅም ሰንሰለት ነው፤ በሰንሰለቱ መሐል መሐል ሜታዮኒን የሚባል ቀለበት አለ፤ መቀሱ የሚቆርጠው እዚያ ብቻ ነው። ሰው በኖረ ቁጥር ግን ሜታዮኒኑ እንደ ሚስማር ይዝጋል። የዛገውን መቀሱ አያውቀውም፤ አልፎት ይሄዳል። ስለዚህ የወጣት ቆዳ ብትንትን ይላል፣ የሽማግሌ ቆዳ ግን ሳይቆረጥ ረጃጅሙን ይቀራል። ማሽኑ ያልተቆረጠውን ቆጥሮ ዓመት ይጽፋል።

መቀሱ የነካው ዕቃ ሁሉ በረኪና ውስጥ ይነከራል፤ መርዙ የሚሞተው በዚያ ነው። ቀድሞ ብልቃጦቹ ከተነከሩ በኋላ ይቀበሩ ነበር፤ ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሠሩ ፕላስቲኮች ናቸው። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ግን ከውጭ የሚመጣው ብልቃጥ መንገድ ላይ ሲጓተት ሀሴት አንድ ሐሳብ አቀረበች። ያደገችው የዘይት ጀሪካን፣ የውሃ ሃይላንድ፣ የወተት ቆርቆሮ በማይጣልበት ቤት ነው፤ «ደህና ዕቃ አይጣልም» የእናቷ የዘወትር ቃል ነበር። ብልቃጡ በበረኪና ይታጠብ፤ ሦስት ጊዜ በውሃ ይለቅለቅ፤ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፤ በታጠበ ቁጥር በማርከር አንድ መስመር ይሰመርበት፤ ዐሥር መስመር የሞላው አንዴ ካገለገለ በኋላ ይወገድ። አለቆቿ አጨበጨቡላት። «አርአያ ሠራተኛ» የሚል የምስክር ወረቀት በፍሬም ተሰጥቷት ከጠረጴዛዋ በላይ ሰቀለችው። ዓለም አቀፉ ደንብ ስለሚያስገድድ፣ ዕድሜው የታወቀ የአንድ ሰው ቆዳ ለመቆጣጠሪያ ተቀምጧል፤ እሱ ብቻ ሁልጊዜ በአዲስ ብልቃጥ ይቆረጣል። በየጧቱ ይነበባል፣ በየጧቱም ልክ ይመጣል። ልክ እስከመጣ ድረስ ማን ምን ይጠይቃል?

በእነዚያ ዐሥራ ሁለት ዓመታት የአገሩ ሰው አማካይ ንባብ በዐሥራ አምስት ዓመት ጨመረ። ጉባኤ ተጠራ። ጭንቀት ነው ተባለ፣ የፋብሪካ ጭስ ነው ተባለ፣ ጎመን ብሉ ተባለ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ወንድሟ አቤኔዘር የተቋሙ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። አቤኔዘር የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው፤ ከሷ በሰባት ዓመት ያንሳል። በልጅነቱ ጉሮሮውን ሲያመው ዝም ተብሎ የታለፈ በሽታ ልቡ ላይ ወርዶ ቫልቩን በልቶታል፤ ደረጃ ሁለት ከወጣ ከንፈሩ ይጠቁራል። ሐኪሞቹ ከሦስት ሳምንት በላይ አይቆይም ብለዋል። የቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ የፊታችን ሰኞ ነው። ለቀጠሮው አዲስ ንባብ ግዴታ ስለሆነ ባለፈው ሳምንት ምስር ሰጥቶ ነበር።

«ዛሬ አውቶቡስ ላይ ምን እንደገጠመኝ ልንገርሽ?» አላት እየሳቀ። «ካርዴን ሳስነካው ደወሉ ጮኸ። አንድ ከዘራ የያዙ አባት ብድግ አሉልኝ። ‹ኧረ በሞቴ፣ አባቴ ይቀመጡ› ብላቸው ‹ሕግ ነው ልጄ፣ ተቀመጥ› አሉኝ። እሳቸው ስልሳ ሁለት ነው የተነበቡት። ለመንኳቸው፣ ለመንኳቸው፣ እምቢ አሉ። እሳቸው ቆመው እኔ ተቀምጬ ደረስን።»

«ምን ካርድ?»

ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጣት። ግራጫ ነው። ሰባ አንድ ይላል።

«እንግዲህ እኔ ሰባ አንድ፣ አንቺ ሃምሳ ሁለት» አለ። «እታለም ማለት ቀረ። ከዛሬ ጀምሮ ጋሼ በዪኝ።»

ሀሴት አልሳቀችም። ካርዱን ገልብጣ አየችው፤ ደግማ ገለበጠችው። «አቢ፣ ሆስፒታሉ ምን አለ?»

«ምን ይላል? ቀጠሮው ተሰርዟል፣ ፕላስተሩ ሐሙስ ይደርስዎታል አሉኝ። አንቱ አሉኝ እኮ!» ሳቁ መሐል ላይ ተቋረጠና ግድግዳውን ተደገፈ። ሲተነፍስ ደረቱ ውስጥ የሚፈስ ውሃ ያለ ይመስላል።

«ስህተት ነው» አለች።

«ስህተት ቢኖር ያንቺ ክፍል ነው፤ አንቺ ደግሞ አትሳሳቺም።»

ይህን ሲል የማሾፍ ፊት አልነበረውም። ሀሴት ቃሉን ሌላም ሰው ሲለው ሰምታለች፤ ከማን እንደሰማችው ግን በዚያች ሰዓት ማስታወስ አልፈለገችም።

ማክሰኞ ደንብ ጣሰች። የዘመዱን ምስር ማንም ሠራተኛ አይነካም፤ ደንቡ የወጣው አምስት ዓመት አይሆነውም። እያንዳንዱ ምስር ለሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ይቆረጣል፣ ግማሹ ለቅሬታ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። የአቤኔዘርን ግማሽ አወጣች። ብልቃጥ ልታነሣ እጇን ስትዘረጋ ግን ከታጠቡት አላነሣችም። ቤት እንግዳ ሲመጣ ከቁም ሣጥን ያልተነካ ብርጭቆ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ለወንድሟ ከመቆጣጠሪያው ካርቶን አንድ አዲስ ብልቃጥ አወጣች። ምንም አስባ አይደለም። ለሱ ደህናውን ብላ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ማሽኑ አርባ አንድ ጻፈ።

ደስታዋ ልክ አልነበረውም፤ ጓንቷን ሳታወልቅ ፊቷን ልትይዝ ስትል ለጥቂት ነው የተረፈችው። በኋላ ግን የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሥራዋ ቆነጠጣት። አንድ ቆዳ ሁለት ንባብ አይኖረውም። ከተረፈው ላይ ደግማ ወሰደች፤ አሁን እንደ ወጉ ከታጠቡት ውስጥ፣ ዐሥር መስመር ከሞላው ብልቃጥ ጨመረች። ከጎኑም የመቆጣጠሪያውን ቆዳ በሌላ ባለ ዐሥር መስመር ብልቃጥ አስቀመጠች። የዚያ ሰው ዕድሜ ሠላሳ አንድ እንደሆነ የማያውቅ ሠራተኛ የለም።

ሐሙስ ጠዋት አቤኔዘር ሰባ ሁለት ሆነ። የመቆጣጠሪያው ሰውዬ ስልሳ ሁለት ሆነ።

ሀሴት ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙ ነገር ረስታለች፤ የማሽኑን ጩኸትና ያን ቁጥር ግን አትረሳም። በረኪና ብረት እንደሚያዝግ ማን አያውቅም? ሦስት ጊዜ ቢለቀለቅም ፕላስቲኩ የጠጣውን ጠጥቷል፤ አሲዱ ሲገባበት ጠብ ጠብ እያደረገ ይተፋዋል። የሰዉ ቆዳ አልዛገም። ያዛገችው እሷ ናት። ባለ አንድ መስመር፣ ባለ ሁለት፣ ባለ አምስት ብልቃጥ ደርድራ እስከ ዓርብ ድረስ መጠበቅ ትችል ነበር፤ አላስፈለጋትም። የመቆጣጠሪያው ሰውዬ ላይ ዐሥሩ መስመር ሠላሳ አንድ ዓመት ጨምሮበታል፤ በወንድሟም ላይ እንደዚያው። በአንድ መስመር ሦስት ዓመት ነው። ምስሩ ባለ አንድ መስመር ብልቃጥ የደረሰው ሰው ቤቱ ገብቶ ድፎውን ቆረሰ፤ ባለ ዐሥር የደረሰው ፕላስተሩን ለጠፈ። ዕጣ ነው። ዕጣውን ደግሞ በማርከር የጻፉት የሷ ሠራተኞች ናቸው።

ግራጫ ካርድ የተሰጣቸው ሰዎች ብልቃጥ ለሃያ ዓመት አይጣልም፤ የቅሬታ መደርደሪያ ላይ በየስማቸው ይቀመጣል። ሀሴት ወደ መደርደሪያው ክፍል የሄደችው እየሮጠች አልነበረም። ሠላሳ አንድ ሺህ ብልቃጥ አለ። እሷ የምትፈልገው አንዱን ነው፤ ቦታውንም ሳትጠይቅ ታውቀዋለች።

እናቷ ወይዘሮ ምንታምር ኩላሊታቸው የደከመው ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው። ያኔ ዘመድ አይንካ የሚለው ደንብ አልነበረም፤ እሳቸውም «ልጄ እያለች የማንም ሰው ቆዳዬን አይቆርጥም» ብለው እምቢ አሉ። ሀሴት የብልቃጥ ማጠቡን ሐሳብ አቅርባ የተሸለመችበት ሰሞን ነበር። ለእናቷ አዲስ ብልቃጥ ብታወጣ ሰው ምን ይላል? ከታጠቡት አንሥታ ቆረጠች። ሰባ ዘጠኝ መጣ። ጎረቤት አልደነቀውም፤ «ሁለት ልጅ ብቻዋን ያሳደገች ሴት፣ እንዴት አታረጅ?» አለ። እናቷም ካርዱን ተቀብለው ለአምስት ወር ፕላስተር ሲለጥፉ ከርመው ሞቱ። ለቅሬታ ማመልከት ይቻል ነበር። አቤኔዘር ሊያመለክት ሲነሣ የከለከሉት ራሳቸው ናቸው። «ልጄ በእጇ ቆርጣው እንዴት ይሳሳታል?» አሉ።

ብልቃጧ አቧራ ለብሳ ቆማ ነበር። ሀሴት በአውራ ጣቷ ጠረገቻት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። የመስመሮቹ አሳሳል የሷ የእጅ ጽሕፈት ነው፤ ከላይ ቀጥ ብለው ወርደው ጫፋቸው ላይ ወደ ግራ ይታጠፋሉ። ስድስት ጊዜ ሦስት ዐሥራ ስምንት። ሰባ ዘጠኝ ሲቀነስ ዐሥራ ስምንት፣ ስልሳ አንድ። ሴት አያቷ ሁልጊዜ እንደሚሉት፣ ምንታምር የተወለደችው ትልቁ ጎርፍ በመጣበት ክረምት ነው፤ እሱም ሲቆጠር ስልሳ አንድ ነበር። ሀሴት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ ድንጋጤው ለዕንባ ቦታ አልተወላትም። ስትነሣ ብልቃጧን ኪሷ ከተተች።

የተቋሙ ኃላፊ ዶክተር ናኦድ ጨዋ ሰው ነው። በሩን ዘጋ፣ ሻይ አስመጣ፣ እስከ መጨረሻው ሳያቋርጥ አዳመጣት።

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«ማንም አያውቅም።»

«የወንድምዎ ቀዶ ሕክምና መቼ ነበር?»

«ሰኞ።»

«እንግዲያው አብረን እናስብ ወይዘሮ ሀሴት። ንባቡ ሁሉ ስህተት ነው ብዬ ነገ ደብዳቤ ብጽፍ ምን ይሆናል? የጸና ንባብ የሌለውን ሰው ሐኪም ቢላ አያሳርፍበትም። ሕግ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም። አዲስ ብልቃጥ ገብቶ ሁሉም እንደገና እስኪነበብ ስምንት ወር ይፈጃል። በእነዚያ ስምንት ወራት ማንም ሰው አይታከምም። ወንድምዎ ስምንት ወር አላቸው?»

ሀሴት ኪሷ ውስጥ ያለችውን ብልቃጥ ጨበጠች።

«የአንድ ሰው ንባብ በጽሕፈት ስህተት ቢታረም ግን ዛሬውኑ ያልቃል። አርባ አንድ ይባላል፣ ሰኞም ይገባሉ።»

«ሌሎቹስ?»

«ቀስ ብለን እናያለን።»

«ቀስ ብለን እናያለን» ማለት እዚህ አገር ምን ማለት እንደሆነ ሀሴት ከማንም ይበልጥ ታውቃለች። ዶክተሩ አንድ ወረቀት አቀረበ፣ እስክሪብቶውን አስቀመጠላት። ወረቀቱ የቅሬታ መደርደሪያውን ራሷ መርምራ ጉድለት እንዳላገኘች ይናገራል። አነበበችው። ወንድሟ ግድግዳ ተደግፎ ሲተነፍስ ታያት። ሰኞ ይለፍ፣ ማክሰኞ እናገራለሁ ብላ በእናቷ አጥንት ማለችና ፈረመች።

ሰኞ አለፈ። አቤኔዘር ስምንት ሰዓት ቢላ ላይ ውሎ ወጣ፤ ሐኪሙ ጭምብሉን አውርዶ «ልቡ በደንብ እየመታ ነው» አላት። ሀሴት የሐኪሙን እጅ ይዛ ሳመች።

ማክሰኞ ጠዋት ለማስረጃ የሚሆን አንድ ካርቶን ብልቃጥ ልትወስድ ወደ መደርደሪያው ክፍል ገባች። መደርደሪያው ባዶ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ከላይ እስከ ታች፣ አንድም ብልቃጥ የለም። አቧራው ላይ የቆሙበት ክብ ክብ ምልክት ብቻ ቀርቷል።

ልብስ ማጠቢያ በሚያህሉ ገንዳዎች ወደተሞላው ጓሮ ወጣች። ከአጣቢዎቹ አንዷ ሚልካ እስከ ክርኗ ጓንት አጥልቃ ብልቃጥ በወንፊት ታወጣለች። የበረኪናው ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ከአጠገቧ የደረቁት ተከምረዋል፤ ሌላዋ ሴት ማርከር ይዛ በእያንዳንዱ ላይ መስመር ትጨምራለች።

«ሚልካ፣ ይሄ ከየት መጣ?»

«ከቅሬታው ክፍል ነው እትዬ ሀሴት። ቅዳሜና እሑድ ሳናርፍ አወጣነው። ሠላሳ ሺህ ይሆናል አሉ።»

«ማን ነው ያዘዘው?»

«ደብዳቤ ወጥቷል እኮ። ‹በመመሪያው አንቀጽ አራት መሠረት፣ አገልግሎት ሊሰጡ የሚችሉ ዕቃዎች ታጥበው ይመለሱ› ይላል።» ሚልካ በክንዷ ግንባሯን ጠረገች። «የርስዎ መመሪያ ነው። እርስዎ ነዎት ያስተማሩን፤ ደህና ዕቃ አይጣልም ብለው።»

ሀሴት ገንዳውን አየች። ስሞቹ የተጻፉባቸው ወረቀቶች ተላጥተው ውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ፤ ቀለማቸው እየደበዘዘ ነው። አንዱን ልታወጣ እጇን ስትሰድ ሚልካ «ኧረ ያቃጥልዎታል!» ብላ ጮኸች። ወረቀቱ ጣቷ ላይ ቀለጠ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ፤ እሷ ግን የጣለችው የራሷን ብቻ አልነበረም። ጥቂት ቀን ልበደር ብላ ነበር የፈረመችው፤ በእነዚያ ጥቂት ቀናት ሠላሳ ሺህ ሰው ታጠበ። ኪሷን ዳበሰች። የእናቷ ብልቃጥ አለች።

ረቡዕ አቤኔዘር መናገር ጀመረ። ከንፈሩ ቀልቷል፤ ቀይ ከንፈር ያለው ወንድም እንዳላት ረስታው ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ብልቃጧን መዳፉ ላይ አኖረችለት።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ። አዙሮ ቆጠረ። «ስድስት መስመር። ምንድን ነው?»

«እማዬ ናት።»

ሁሉንም ነገረችው። ስለ በረኪናው፣ ስለ መስመሩ፣ ስለ ፊርማው ሳይቀር። የሱ ልብ በምን እንደተገዛ ስትነግረው እጇ አንሶላውን ጨብጦ ነበር። አቤኔዘር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ማሽኑ የልቡን ምት ይቆጥራል፤ ያልተዛነፈ፣ አዲስ ምት።

«ስንት ሰው ነው?» አለ ሳይዞር።

«ካርድ ይዘው በሕይወት ያሉት ዐሥራ ሁለት ሺህ ናቸው።»

«ሌሎቹስ?»

«ብናገር ንባብህን ይሰርዙታል» አለች። «የሁሉንም ይሰርዙታል። ስምንት ወር ሰው አይታከምም ነው የሚሉት። በመሐሉ የሚሞት አለ።»

«የኔን ይሰርዙት። ቫልቩን መልሰው አያወጡት።» ዞሮ አያት። ዓይኑ ደፍርሷል። «ዝም ብትይስ የሚሞት የለም?»

«አለ።»

«እታለም፣ ሂጂ። አሁን ሂጂ። ነገ ካልሽ እኔም ቆይ እልሻለሁ፤ አውቀዋለሁ ራሴን።»

የቅሬታ መስኮቱ ያለው ከተቋሙ ሳይሆን ከፍርድ ቤቱ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። እዚያ የተነገረ ቃል ሁሉ ይቀረጻል፤ ዶክተር ናኦድም ሆነ ሌላ ሰው ሊሰርዘው አይችልም። አዳራሹ ግራጫ ካርድ በያዙ ሰዎች ተሞልቷል። አይሰለፉም፤ ሕጉ ያከብራቸዋልና ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው ተራ የሚጠብቁት። ሀሴት በዚህ በር ገብታ አታውቅም። ፊታቸውን አየች። ግማሾቹ ፀጉራቸው ጥቁር ነው። አንዷ ሴት ሕፃን ታጠባለች። ሀሴት ለዐሥራ ሁለት ዓመት ስማቸውን በብልቃጥ ላይ ስታነብ ኖራ፣ አንድም ቀን ወርዳ ፊታቸውን አላየችም። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል፤ በእሷ የተሳሳተ ቁና የተሰፈሩት ግን እነዚህ ነበሩ።

የመስኮቷ ጸሐፊ ቀና ሳትል «ስም?» አለች።

«ምንታምር ወልደ ሰንበት።»

«ንባብ?»

«ሰባ ዘጠኝ።»

«ባለጉዳይዋ ራሳቸው ነው መቅረብ ያለባቸው።»

«ሞታለች» አለች ሀሴት። ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ስትሞት ዕድሜዋ ስልሳ አንድ ነበር።»

ጸሐፊዋ ቀና አለች። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። በዚያ ቤት ውስጥ ዕድሜ በሰው አፍ ሲነገር ከሰሙ ስንት ዘመናቸው ነው።

«ማን ነው ያለው?»

«እናቷ።»

ብልቃጧን መስኮቱ ላይ አቆመች። ስሟን ተናገረች፣ ሥራዋን ተናገረች። የበረኪናውን፣ የመስመሩን፣ የገንዳውን ነገር አንድም ሳታስቀር ተናገረች። በመጨረሻ «ስድስቱንም መስመር ያሰመርኩት እኔ ነኝ» አለች። ጸሐፊዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ነበር፤ መቅረጫው ላይ ያለችው ቀይ መብራት ግን አልጠፋችም።

ከኋላዋ የወንበር መንቋቋት ተሰማ። የምታጠባዋ ሴት ሕፃኑን እንዳቀፈች ተነሥታ መጣች። ግራጫ ካርዷን በጥርሷ ይዛዋለች፤ አውጥታ ዘረጋችላት። ስልሳ ስምንት ይላል።

«የኔስ?» አለች። «የኔ ብልቃጥ ስንት መስመር ነበረው?»

የሴትዮዋ ብልቃጥ የትኛው ገንዳ ውስጥ እንዳለ፣ የትኛው ፀሐይ ላይ እንደተዘረጋ የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም። ሀሴት ለማወቅ የቀራት አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ያም የአያቶቿ መንገድ ነው።

«አላውቅም እህቴ» አለች፤ አሁን ዕንባው መጣ። «እናትሽ ስንት ዓመትሽ ነው ትልሽ ነበር?»

ሴትዮዋ ግራ ገባት። ይህን ጥያቄ የጠየቃት ሰው የለም። ዓይኗን ጨፍና የሆነ ክረምት፣ የሆነ መከር በጣቷ ቆጠረች።

«ሠላሳ ስምንት» አለች ቀስ ብላ። ከዚያም እንደተደበደበ ሰው «ሠላሳ ስምንት ነኝ እኮ!» ብላ ጮኸች።

ከመጨረሻው ረድፍ አንድ ሰው ተነሥቶ «አርባ አራት» አለ። ከጎኑ ያለችው «ሃምሳ» አለች። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ አልተለየም።